የሚያስነሳው ወንበር

ጥር 6

መሮ፣

ደህና ነህ ወይ የሚለውን ዛሬ ወደ መሃል አስገባዋለሁ። ከፊት ካስቀደምኩት ንዴቴ ይበርድብኛል፤ እንዲበርድ ደግሞ አልፈልግም።

ስልኩን እያነሳሽ ለምን ትዘጊብኛለሽ ብለህ በአውቶቡሱ ሾፌር በኩል ላስጠየቅከኝ፦ የምሰማው የንብ መንጋ ስለሆነ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ብረት ሲቆረጥበት የኖረ ጆሮ የሰው አፍ ካላየ አይሰማም። የመጋዘኑ ስልክ ደግሞ አፍ የለውም። ስለዚህ ጻፍልኝ። ሾፌሩ ማክሰኞና አርብ ይመጣል፤ አንድ ወረቀት አውቶቡሱን አያከብድበትም።

የማስተምራቸው ልጆች ደህና ናቸው። አሥራ አንድ ነበሩ፣ አሥር ሆነዋል፤ ወደዚያ እመጣለሁ። ከተጣለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በርሜል አራት የመብራት ከለላ ሠርተዋል። ከከባድ መኪና ጎማ ለጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር እየሠሩ ነው። የምንሠራበት የሳሙና ፋብሪካ መጋዘን ጣራ ዛሬም ያፈሳል፤ ከሚያፈስበት ሥር ጋን የሚያህል ገንዳ አስቀምጠው፣ ቱቦ ስበው፣ እጅ መታጠቢያ አደረጉት። "ጣራውን እናስጠግን" ስላቸው "ከዚያ ውሃ ከየት ልናመጣ ነው እትዬ?" ይሉኛል።

አሁን ወደ ወንበሩ። "ለመሆኑ የማን ነው?" ብለህ መጠየቅህ ገርሞኛል። አንተ በምትሠራበት አዳራሽ ሰባት ሳምንት የቆመ ዕቃ የማን እንደሆነ የሚነግርህ ጠፋ?

የሽቦ አባት ወንበር ነው። ሽቦ የምንላት ያቺ ቀጭኗ ልጅ ናት፤ ስትናደድ የምትተጣጠፈው። አባቷ ዕድሜያቸውን ጆንያ በመሸከም የጨረሱ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው አልቋል። አንዴ ከተቀመጡ ሰው ካላነሳቸው አይነሱም። ልጅቷ ሆስፒታሉ ከጣለው አልጋ ቧንቧ ቆረጠች። መቀመጫውን ከአሮጌ መኪና ቀበቶ ጎነጎነች። ከሥሩ የመኪና የኋላ በር ሲከፈት ደግፈው የሚያነሱትን ሁለት ዘንጎች ገጠመች። ሰውየው ወደ ፊት ዘንበል ሲሉ መቀመጫው ከኋላቸው ቀስ ብሎ ይነሳል፤ እሳቸውም አብረው። አምስት ወር ፈጀባት። መጀመሪያ ብቻቸውን የተነሱ ቀን ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ተነሱ። ዘጠኝ ጊዜ። "ይበቃዎታል፣ ይደክምዎታል" ስላቸው "ዝም በይ፣ ገና አልጠገብኩም" አሉኝ።

የምትሠራለት ድርጅት ለኤግዚቢሽኑ፣ ለሁለት ሳምንት ብሎ ነው የወሰደው። ለሁለት ሳምንት።

ደህና ነህ ወይ? ትበላለህ? ወንበሩ መቼ ይመለሳል? ሦስቱንም መልስልኝ።

እህትህ

ጥር 14

እታለም፣

ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሾፌሩ ትናንት ጠብቆኝ ነበር። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር። አልሰጠሁትም፤ ቀደድኩት። ይሄ ሁለተኛው ነው።

ደህና ነኝ። እበላለሁ። ወንበሩም ደህና ነው።

እንዴት እንዳስቀመጡት ልንገርሽ፦ አዳራሹን አውቀሽው ከሆነ ግድግዳው ሁሉ ነጭ ነው፤ ሰው እንኳ ሲገባ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ዓይነት ነጭ። ወንበሩ ከበሩ በስተግራ፣ ከፍ ያለ የእንጨት መድረክ ላይ ነው። ዙሪያውን ቀይ ገመድ ታጥሯል። ገመዱ ላይ "አይነካም" የሚል ሰሌዳ አለ። ከላይ ሦስት መብራት ወርዶበታል። መብራቶቹን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ዕቃ መስቀልና ማቆም አይደል ሥራዬ። ቀበቶዎቹ በመብራት ሥር ያምራሉ። ማማራቸው ለምን እንደሚከብደኝ ግን አላውቅም።

ጥበቃው ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ይቆማል፤ እንዲቀመጥ አልተፈቀደለትም። "አየህልኝ ጉድ?" አለኝ፣ "እኔ እግሬ እያበጠ ወንበር እጠብቃለሁ።" ባለፈው አንዲት ሴትዮ ልጅ አዝለው መጡና "መቀመጥ ይቻላል?" አሉት። "አይቻልም እናቴ፣ ጥበብ ነው" አላቸው። ሴትዮዋ ወንበሩን አዩት፣ እሱን አዩት። "ታዲያ ጥበብ ከሆነ ለምን ወንበር አስመሰሉት?" ብለው ሄዱ።

ከሥሩ የተጻፈውን አንድ ቃል ሳልቀንስ ገልብጬልሻለሁ፦ "ከቆሻሻ የበቀለች አበባ። ከጥራጊ ክምር መካከል ሕይወቷን በጥበብ ባዳነች አንዲት ወጣት የተሠራ።" ስም የለውም። ፎቶም አንስቼ አስገብቼልሻለሁ።

መቼ ይመለሳል ላልሽው እጠይቃለሁ። ኤግዚቢሽኑ ተራዝሟል።

ወንድምሽ

ጥር 21

መሮ፣

አበባ!

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው መነጽሬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት፤ አንዱ ጆሮው ተሰበረ፤ አሁን በሽቦ አስሬው ነው የምጽፍልህ።

ከቆሻሻ ማን በቀለ? ቧንቧውን ሆስፒታሉ ጣለው። ቀበቶውን ጋራዡ ጣለው። ልጅቷን ማን ጣላት? አባት አላት፣ ቤት አላት፣ ስም አላት። ስሟን የጣሉት እነሱ ናቸው፤ ከጣሉ በኋላ ደግሞ አነሳናት ይላሉ። ልጆቹን ሳስተምር የመጀመሪያው ቀን የምላቸው አንድ ነገር ነው፦ ዕቃው የተጣለ ይሆናል፣ እናንተ ግን አይደላችሁም። ይሄን ነገር ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ማስረዳት ሦስት ወር ይፈጃል። እነሱ በአንድ መስመር አፈረሱት።

ከሽቦ ልደብቀው ነበር። ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ጓደኞቿ አንብበውላታል። ቤቷ ሄድኩ።

"እትዬ፣ እውነት እኔ ጥራጊ ላይ ነው የኖርኩት?"

"ማን አለሽ?"

"ጋዜጣው። አባቴ 'እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ፣ የጥራጊው ዘበኛ?' አለ። ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።"

አሥር ሆነዋል፣ ወደዚያ እመጣለሁ ብዬህ ነበር፤ የቀረችው ሽቦ ናት። ለዚህ ነው። ለዚህ ብቻ ግን አይደለም። አባቷ ውሃ መጠጣት ቀንሰዋል፤ ከጠጡ መነሳት ይመጣል፣ መነሳት ካለ ጎረቤት መጥራት አለ። የጎረቤቱ ጎረምሳ በብብታቸው ገብቶ ሲያነሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አፋቸው ደርቆ ተሰንጥቋል። ልጅቷ እሳቸውን ትታ የት ትሂድ?

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም አላልኩትም። የድርጅቱ አስተባባሪ መጋዘን የመጣች ቀን "ይሄ ወንበር ይወሰድ" ስትል፣ ሽቦን የጠየቅኳት በአሥሩ ጓደኞቿ ፊት ነው። "እሺ አይደል?" አልኳት። እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ምን ይላል? አባትየውን ደግሞ ጭራሽ አልጠየቅኳቸውም። ኮርቼ ነበር። የኔ ልጆች ሥራ በነጭ ግድግዳ ፊት! ንዴቴን ስቆፍረው ቆፍሬ ቆፍሬ ሥሩ ላይ የማገኘው ራሴን ነው። ከዚያ መልሼ አፈር አለብሰዋለሁ።

ፎቶውን ሳየው ሌላ ነገር ከነከነኝ። የሽቦ ቤት ወለል አንዱ ጥግ ሰምጧል። የወንበሩን የግራ የፊት እግር በሁለት ጣት ያስረዘመችው አውቃ ነው፣ ለዚያ ጥግ። ደልዳላ ቦታ ላይ ከቆመ ያነክሳል። እናንተ ጋ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማን ምን አድርጎት ነው?

እህትህ

የካቲት 2

እታለም፣

ብዙ ጠየቅሽኝ። በአንዱ ልጀምር።

አስተባባሪዋን አግኝቻታለሁ። ቢሮዋ ውስጥ ልጆቹ ከጠርሙስ ክዳን የሠሩት መጋረጃ ተሰቅሏል። ከፊቷ ቆሜ ሳለሁ ክዳኖቹን እየቆጠርኩ እንደነበር ያወቅኩት ሰማንያ ላይ ስደርስ ነው።

"ወንበሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ይዞራል" አለችኝ። "ገና አንድ ዓመት ይቆያል።"

"ባለቤቱ ሽማግሌ ሰው ናቸው" አልኳት። "ይቀመጡበታል።"

"በጣም የሚነካ ታሪክ ነው! ለምን እስካሁን አልነገራችሁንም? ጽሑፉ ላይ እንጨምረዋለን።"

"እንዲጨመር አይደለም። እንዲመለስላቸው ነው።"

ሳቅ አለች፤ ክፉ ሳቅ አይደለም፣ ይሄው ነው የሚያስቸግረው። "ወንድሜ፣ እዚያ ቢቀመጥ የሚጠቀምበት አንድ ሰው ነው። እዚህ ስንት ሺህ ሰው ያየዋል። ለአባትየው ጥሩ የፕላስቲክ ወንበር እንልክላቸዋለን።"

ምን አልኩ መሰለሽ? እሺ አልኩ። ደረጃውን ስወርድ እሺ ያለውን ሰው እፈልገው ነበር። ደረጃው ላይ ከኔ በቀር ማንም የለም። "እሺ ይበልጣል ከሺህ" ያለ ሰው እኔን ቢያይ ተረቱን ይሰርዘው ነበር። ልጅ ሳለሁም እንዲህ ነበርኩ? አንቺ ታስታውሽ ይሆናል። እኔ ትዝ የሚለኝ ቀጥ አድርጌ መብሳት ሲያቅተኝ እጄን ከላይ በእጅሽ የያዝሽው ነው። ሌላው ጠፍቶብኛል።

ለሁለት ሳምንት ብሎ ነው የወሰደው ብለሽ ነበር፤ የተፈረመ ወረቀት ካላችሁ ላኪልኝ። እውነቱን ለመናገር ምን እንደማደርግበት አላውቅም።

ስለ ፎቶው በሌላ ጊዜ።

ወንድምሽ

የካቲት 6

መሮ፣

የፕላስቲክ ወንበር!

ያውልህ ወረቀቱ። ማኅተሙም ፊርማውም አለበት። "ለአሥራ አራት ቀናት ብቻ፣ በነበረበት ይዞታ ይመለሳል" ይላል። በነበረበት ይዞታ። አስምሬበታለሁ፤ ቀዩ እስክሪብቶ ወረቀቱን ቀዶታል፣ ይቅርታ።

ልጆቹ አብረን እንሂድ ብለው ተነስተው ነበር። "ገመዱን ዘለን ቁጭ ቁጭ እንልበታለን፣ ምን ያመጣሉ?" አለ ጎማ የምንለው ልጅ። ከለከልኩ። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ የምከለክለው ሁልጊዜ የሚገባኝ ከከለከልኩ በኋላ ነው።

ልጅ ሳለህ እንዲህ ነበርክ ወይ ላልከው፦ አልነበርክም። መሮ ያልኩህ ስለት ስለነበረህ ነው።

ስለ ፎቶው "በሌላ ጊዜ" አልከኝ። ሌላ ጊዜ መቼ ነው?

እህትህ

የካቲት 14፣ ጠዋት

እታለም፣

አወጣሁት!

አውቶቡሱ ጎን ቆሜ ስለምጽፍ ፊደሉን ታገሺኝ። ሦስት ሰዓት ላይ፣ አዳራሹ የተማሪ ጉብኝት ሞልቶት ሳለ፣ የመፍቻ ሳጥኔን ይዤ ገባሁ። ለጥበቃው ወረቀቱን ሰጠሁት። አነበበው። ተመልሶ አነበበው። "አሥራ አራት ቀን ነው የሚለው?" አለኝ። "አሥራ አራት።" "ዛሬ ስንተኛው ነው?" "ሰማንያ ምናምን።" ገመዱን ራሱ አነሳልኝ፤ "እለፍ፣ እኔ እንደሆነ ቆጠራ አልችልም ነበር እላቸዋለሁ" አለ። ተማሪዎቹ የዝግጅቱ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ። አስተባባሪዋ ስትደርስ ወንበሩ ትከሻዬ ላይ ነበር። "አስቀምጠው!" አለች። እሺ አላልኩም። ምንም አላልኩም። ሰው ምንም ሳይል እንደዚህ መሄድ ይችላል?

ሾፌሩ ጣራ ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አስሮታል። እኩለ ቀን ላይ ይነሳል፤ ማታውን እዚያ ነው። ከሥራ መታገዴን በቃል ነግረውኛል፤ ደብዳቤው ይከተላል አሉ። ይከተል።

አባትየው ውሃ ይጠጡ። ልጅቷም ትምጣ።

ወንድምሽ

የካቲት 15

እታለም፣

እንዳይቀመጡበት! ይሄን ካነበብሽ ሌላውን ሳታነቢ ሂጂና ንገሪያቸው። ከዚያ ተመለሽና አንብቢኝ።

ዛሬ መጋዘን አራት ጊዜ ደወልኩ። አራቱንም ጊዜ "አልሰማም፣ ጻፍልኝ!" ብለሽ ዘጋሽው። እየጮህኩ ነበር። መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰማኝ፣ ካንቺ በቀር። ሾፌሩ እስከ ማክሰኞ አይመለስም፤ ይሄን የሰጠሁት የእህል መኪና ለሚነዳ ለማላውቀው ሰው ነው።

ማን ምን አድርጎት ነው ላልሽኝ፦ እኔ ነኝ።

መድረኩ ላይ ሲያቆሙት አነከሰ። አስተባባሪዋ "ልጆች ናቸው፣ እግሩን አሳስተውታል፤ አስተካክለው" አለች። ሽብልቅ ላስገባለት አልኩ። "ያስቀይማል፣ ከመድረኩ ጋር ይታሰር" አለች። እሺ አልኩ። መድረኩን በረጅሙ እግር ልክ ጎደጎድኩት፤ ሁለቱን የፊት እግሮች ልክ ከብየዳው ሥር በሳሁና በብሎን አሰርኩ። የአልጋ ቧንቧ ስስ ነው። ስበሳው አውቅ ነበር። ማንም አይቀመጥበትም ብዬ ነው። አየሽ፣ እኔም "አይነካም" የሚለውን አምኜ ነበር። ሰው ይቀመጥበታል የሚል ሐሳብ ራሱ አልመጣልኝም፤ ወንበር እየበሳሁ!

የማን ነው ብዬ የጠየቅኩሽ ከበሳሁ በኋላ ነው። ካወቅኩ በኋላ ደግሞ መጻፍ አቃተኝ። ትናንት ብሎኑን ስፈታ ቀዳዳዎቹን አየሁ፤ እያየሁ ጫንኩት። ደስታዬ ውስጥ ተደበቅኩ። ክብደታቸው ሁሉ የሚያርፈው ሲነሱ ነው፣ በፊት እግሮቹ ላይ። ከዚያ ቦታ ይታጠፋል።

ጻፊልኝ። ምንም ይሁን ጻፊልኝ።

የካቲት 25

መሮ፣

አልወደቁም። ይሄን አስቀድሜ የጻፍኩት አንተ በቀደም የላክኸውን ደብዳቤ አይቼ ነው፤ አንድ መስመር ብቻ ነበረው።

የእህል መኪናው ሰው ደብዳቤህን ያደረሰልኝ ወንበሩ ከገባ በአራተኛው ቀን ነው። መንገድ ላይ የመኪናው ጎማ ፈንድቶበት እንደነበር በትሕትና ነገረኝ። አራት ቀን!

አርብ ማታ ወንበሩን ሽቦ ቤት ያደረስነው እኔና ጎማ ነን። አባትየው መሬት ላይ፣ ፍራሹ ላይ ነበሩ። ዓይናቸው ወንበሩን ከበር ጀምሮ ተከተለው። ጎማ "ይኸው አባባ፣ ይቀመጡ!" ብሎ በብብታቸው ገባ። ሽቦ "ቆይ" አለች። ወንበሩን ገለበጠችው። ወደ ውጭ ሄዶ የተመለሰን ዕቃ ሆዱን ሳናይ አናምነውም፤ መጋዘን ሁላችንም እንደዚህ ነው የምናደርገው። ጣቷን በቧንቧው ላይ እየሳበች ሄደች፤ ቀዳዳው ላይ ቆመ። ትንሿ ጣቷ ገባችበት።

ቀዳዳውን ወደ መብራቱ አዞረችው። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "እትዬ፣ ይሄን የበሳው ሰው ሥራ ያውቃል። አየሽው? ቀጥ ያለ ነው፤ ጠርዙ እንኳ ተሞርዷል። አላዋቂ ቢሆን እምረው ነበር።"

አየሁት። በምስማር ጫፍ መሃሉን ነክቶ፣ በቀጭን ጀምሮ፣ በወፍራም የሚጨርስ አበሳስ። እጅህን ከላይ ይዤ ያስተማርኩህ። ደብዳቤህ ከመድረሱ ከአራት ቀን በፊት አወቅኩህ ማለት ነው። ዝም አልኩ። አራት ቀን ሙሉ፣ ልክ እንዳንተ፣ ዝም። ለካ በቤተሰባችን የሚወረስ ነገር አለ።

ሽቦ ሁለቱን እግሮች ቆርጣ ጣለች፤ ከሌላ አልጋ ሁለት አዲስ አወጣች። ልይዝላት ስል "ተይው እትዬ፣ ራሴ እይዘዋለሁ" አለችኝ። በትሕትና ነው ያለችኝ። የትሕትናዋ ነገር እስካሁን አጥንቴ ውስጥ ነው።

በደረሰኝ ዕለት፣ ማክሰኞ፣ ደብዳቤህን ይዤ ሄድኩና ለአባትና ለልጅ አነበብኩላቸው፤ ሁሉንም። ከዚያ የኔን ጨመርኩ፦ ሳልጠይቅዎ የሰጠሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። አባትየው አዲስ እግር ባገኘው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ይጮሃሉ ብዬ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አፋቸው በደንብ እንዲታየኝ ፊታቸውን ወደኔ አዙረው ተናገሩ።

"አንቺ ሴት፣ የሰው እግር አውሰሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲህ አሁን እወቂ። አንድም ሰው፣ አንድም ሰው እኔን አልጠየቀኝም። የወሰደው አልጠየቀኝም፣ የሰጠው አልጠየቀኝም፣ የበሳው አልጠየቀኝም። ጋዜጣው እንኳ አልጠየቀኝም! እኔ ጆንያ ስሸከም ጆንያውን ነበር የማይጠይቁት።"

ይቅርታ አድርጌልሻለሁ አላሉኝም። ውሃ አምጪልኝ አሉኝ። አመጣሁላቸው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ጠጡ፤ እያዩኝ።

ሽቦ ሰኞ መጋዘን ትመጣለች። ግን አንድ ነገር አስጽፋኛለች፣ በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ፦ ከዚህ ቤት ዕቃ የሚወጣው የሚጠቀምበት ሰው ብቻውን ሲጠየቅ፣ ሰው በሌለበት፣ እንቢ ማለት በሚችልበት ሁኔታ ነው። አሥራ አንዱም ፈርመውበታል። እኔም ፈርሜያለሁ፤ ከታች፣ መጨረሻ ላይ።

ድርጅቱ በነገራችን ላይ ደብዳቤ ጽፎልኛል። ንብረታችን ተወስዶብናል ይላል። ንብረታችን! ልጆቹ መልስ እየጻፉ ነው፤ ገና በስድቡ ላይ አልተስማሙም።

አሁን ወደ አንዷ መስመርህ። "ወድቀው እንደሆነ ንገሪኝ፣ ካልወደቁም ይቅር ብለውኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ" ብለሃል። አልጠየቅኳቸውም፤ አልጠይቅልህምም። በሰው ነገር እሺ አይደል ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። ሥራ የለህም፤ አውቶቡሱ ደግሞ ማክሰኞና አርብ ነው። ራስህ ና።

ቤቱ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ሦስተኛው ነው፤ አረንጓዴ በር። አንኳኳና ጠብቅ። ቶሎ ካልተከፈተልህ የሉም ብለህ እንዳትመለስ፤ ገፍተህም እንዳትገባ። ከውስጥ ሽቦም ብትኖር አትከፍትልህም፤ ነግራኛለች። ጊዜ ይወስድባቸዋል እንጂ ተነስተው የሚከፍቱልህ እሳቸው ናቸው።

እህትህ